መስመሩ ላይ ያልተነሳ

ፎቶ ማንሳት እችላለሁ ያልኩት በመምህራን ስብሰባ ላይ ነው። አልችልም ነበር። ርዕሰ መምህራችን ከዕቃ ግምጃ ቤት ያወጡትን አሮጌ የሩሲያ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ይህን የሚያውቅ አለ?» ሲሉ፣ ሃያ ሁለት መምህራን በአንድነት በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየት ጀመሩ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነበር፤ በስብሰባ ላይ ዝም ማለት ያኔ እንደ ሽንፈት ይታየኝ ነበር። «ቀላል ነገር ነው» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ፎቶ አንሺ እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ፊልም ሠላሳ ስድስቱም ጥቁር ሆኖ ወጣ። የሌንሱን ክዳን ማንሳት እንደነበረብኝ የነገረኝ ደብረ ብርሃን ያለው ፎቶ ቤት ነው፤ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ከጥቁሮቹ ፎቶዎች ጋር በአውቶቡስ ሾፌር ላከልኝ። ወረቀቱን ማንም ሳያየው ቀዳድጄ ጣልኩና ለርዕሰ መምህሩ «ፊልሙ ብልሽት ነበረበት» አልኳቸው። ይህን የምናገረው ውሸት የጀመርኩት ኋላ በምነግራችሁ ሯጭ ልጅ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

ጊዜው ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ትምህርት ቤታችን ከመሐል ሜዳ ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ፊቷን ወደ ጓሳ ደጋ አዙራ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበር። ከተማ የምላት የመብራት ምሰሶ ስለተተከለላት ነው፤ መብራቱ ገና አልመጣም። የስፖርት ሜዳችን ተዳፋት ስለሆነ ከላይ ወደ ታች የሚያጠቃው ቡድን ሁልጊዜ ያገባል። እረፍት ላይ ቦታ ሲለዋወጡ ደግሞ የሌላው ተራ ይሆናል። ጉም የወረደ ቀን በረኛው ኳሷ የት እንደደረሰች የሚያውቀው በተመልካቹ ጩኸት ነበር።

ካሜራው ከግምጃ ቤት የወጣው የበላይ አካል ስላዘዘ ነው። የበላይ አካል የሚባለውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ደብዳቤው ግን በየጊዜው ይመጣል። «የተማሪዎች የስፖርትና የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ ማስረጃ ተደግፎ ሪፖርት ይደረግ» ይላል። በዚያ ዘመን ያልተገመገመና ሪፖርት ያልተደረገ ነገር እንዳልተሠራ ነበር የሚቆጠረው። አሁን ፎቶ ተጨመረበት።

ችግሩ ካሜራው ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡም ነበር። በእኛ አካባቢ ፎቶ መነሳት ቀልድ አይደለም። ሰው በዕድሜው ሁለቴ ወይ ሦስቴ ቢነሳ ነው፤ ስለዚህ ሲነሳ በወጉ ይነሳል። ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እጁን በጎንና በጎኑ ያደርጋል፤ ፊቱን ያጠቁራል። እግሩ ከነጫማው መታየት አለበት፤ እግሩ ያልታየ እንደሆነ ዘመድ ፎቶውን ሲያይ ምን ሆኖ ነው ብሎ ይደነግጣል። እየተንቀሳቀሱ መነሳት የሚባል ነገር የለም። ፊልም ማባከን ነው፤ አንሺውንም መናቅ ነው።

ይህ ወግ ወደ ስፖርት ሲገባ ምን እንደሚሆን ያየሁ እኔ ነኝ። በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ አጥቂያችን ኳስ ይዞ ወደ ጎል ሲገሰግስ ካሜራዬን አነጣጠርኩበት። አየኝ። ኳሷን በእግሩ አቆመና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊነጥቀው እየሮጠ የመጣው ተከላካይም ነገሩ ሲገባው አጠገቡ ተሰለፈ፤ በረኛው «እኔንስ?» ብሎ ከጎሉ ወጥቶ መጣ። ሦስቱንም ሙሉ ቁመት አነሳኋቸው። ከፍታ ዘላዩ ከእንጨቱ አጠገብ ቆሞ፣ እንደ ዘመዱ ትከሻ እጁን ጣል አድርጎበት ተነሳ። መረብ ኳስ ተጫዋቾቹ ኳሷን መሐል ላይ አስቀምጠው ዙሪያዋን ቆሙ። የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን ላንሳ ብዬ ቤተ መጻሕፍት ብገባ ስልሳ ተማሪ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ተቀመጡ፣ አንብቡ ብላቸው ተቀመጡ፤ መጽሐፉን ገልጠው ሁሉም እኔን ማንበብ ጀመሩ።

የበላይ አካል መልስ ሰጠ፤ «በላካችኋቸው ፎቶግራፎች ላይ የቆሙ ተማሪዎች እንጂ ስፖርት አይታይም።» ርዕሰ መምህራችን ደብዳቤውን በሰልፍ ላይ አነበቡት። ተማሪው በኩራት አጨበጨበ። በወጉ መቆማቸውን የተመሰገኑ መስሏቸው ነው።

በሦስተኛው ዓመት ሌላ ደብዳቤ መጣ። የሆነ ትምህርት ቤት ያልሮጠ ልጅ አሸነፈ ብሎ ደብረ ብርሃን ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ልኮ ተይዟል አሉ፤ ስለዚህ ደንቡ ተጠበቀ። ደብዳቤው «በመጨረሻው መስመር ላይ በፎቶግራፍ ያልተነሳ ተወዳዳሪ እንዳሸነፈ አይቆጠርም» ይላል። የስፖርት መምህራችን ረጅም ነገር አይወድም። ጠባዩ ቁጡ፣ ድምፁ ሁልጊዜ የሰለለ፣ ፊሽካው ከአንገቱ የማይወርድ ሰው ነበር። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ደብዳቤውን ጠቅለል አድርጎ ለተማሪው ነገረ፦

«መስመሩ ላይ ያልተነሳ አላሸነፈም። ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አለ ተማሪው።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። የቋንቋ መምህር ነኝ፤ ወጥቼ «ልጆች፣ ሩጫችሁን አታቁሙ፣ እየሮጣችሁ ነው የምትነሱት» ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ያን ጊዜ የማስበው ግን ስለ ቁርሴ ነው።

አሁን ስለ ሯጯ ልናገር። አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ የክፍል ኃላፊዋም እኔ ነበርኩ። መንደራቸው ጓሳ ጥግ ስለሆነ ከሦስት ልጆች ጋር ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ገብስ ጭነው ለገበያ ሲመጡ በሶና ቆሎ ያመጡላታል። ዝምተኛ ናት፤ ክፍል ውስጥ መኖሯ የሚታወቀው ስሟ ሲጠራ ነው። ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። ወንዶቹ ከእሷ ጋር ልምምድ መሥራት ትተው ነበር፤ የሚሰጡት ምክንያት ነፋሱ አይመችም የሚል ነው።

አንድ ቅዳሜ አባቷ በርኖሳቸውን ተከናንበው ወደ ቢሮ መጡ። እሷም አንገቷን ደፍታ ከኋላቸው ቆማለች።

«መምህር» አሉኝ፣ «ሳልነግርዎ ወስጄያት እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው። የዘንድሮው ይበቃታል። ወንድሞቿ ወጥተው ቀርተዋል፤ በጎቹን የሚያይ የለኝም።»

ትምህርቷ ጥሩ መሆኑን ነገርኳቸው።

«እሱስ ይሁን። ሮጣ ደብረ ብርሃን ከገባች መንግሥት እያበላ ያስተምራታል ብለውኛል። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። በደብረ ብርሃኑ ውድድር የቀናቸውን ልጆች ካምፕ አስገብተው፣ እያሠለጠኑ እዚያው ያስተምሯቸዋል። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ የእኛን ትምህርት ቤት ውድድር ማሸነፍ ነው።

«እንግዲያ ትሩጥ» አሉ። «ካሸነፈች እኔ ከልካይ አልሆንም። ካላሸነፈች ግን በጎቹ እየጠበቋት ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ፈተና ላይ መልሱን ያወቀ ተማሪ ነው እንደዚያ የሚያየው።

የውድድሩ ዕለት አንድ ፊልም ነበረኝ፤ ሠላሳ ስድስት። የካሜራው ቁጥር መስኮት ከአሥራ ሁለት ላይ ንቅንቅ ስለማይል በእጄ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ እየጫርኩ ነበር የምቆጥረው። ርዕሰ መምህሩ ንግግር ሲያደርጉ ሦስት ጊዜ አነሳኋቸው፤ ዓይናቸው ይከደናል ብለው ስለሚሰጉ አንድ አያረካቸውም። ከወረዳ የመጡት እንግዳ ከነጃንጥላቸው ሁለት። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው አንድ፣ ከእንግዳው ጋር አንድ፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር አንድ፣ ከሁለቱም ጋር አንድ። የመምህራን ሚስቶች፣ ዘበኛው፣ ለሽልማት የተዘጋጀው በግ። በጉ ከሁሉም በተሻለ ሁኔታ ቆሟል።

የወንዶቹ ሩጫ ሊጀመር ሲል መነሻውን ላንሳ አልኩ። ልጆቹ ሲያዩኝ ከጉልበታቸው ቀና ቀና አሉ። «አይ፣ ዝቅ ብላችሁ ነው የምትነሱት» አልኳቸው። ዝቅ አሉ። ካሜራዬን አስተካክዬ «እሺ፣ ተነሱ» ብዬ ጮህኩ። ተነሱ፤ እየሮጡ ሄዱ። የስፖርት መምህሩ ገና ፊሽካውን ከአፉ አላገናኘም። እኔ ያነሳሁት በአመድ የተሰመረውን ባዶ መስመር ነው። ልጆቹን ሜዳውን ሁለት ጊዜ ከዞሩ በኋላ ነው ይዘን የመለስናቸው።

የሴቶቹ ሩጫ የመጨረሻው ነበር። ስምንት ዙር። ከመጀመሩ በፊት መዳፌን ሳይ ሠላሳ አምስት ጭረት ቆጠርኩ። አንድ ቀርታኛለች፤ ለማን እንደሆነችም አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለማስረዳት አልሞክርም፤ በቀጥታ እናገረዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲነሳ እኔ አንድም ቀን አልተነሳሁም። የስፖርት መምህሩን ፊሽካና የሰዓት መቁጠሪያ ለአንድ አፍታ ተዋስኩ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ፊሽካውን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ዘበኛውን «ይህችን ብቻ ተጫናት» አልኩት። ተጫናት። ሠላሳ ስድስተኛዋ እኔ ሆንኩ። ፎቶ ቤቱ አንዴ «አንዳንድ ፊልም ሠላሳ ሰባተኛ ያወጣል» ብሎኝ ነበር። እሷን ተማምኜ ነው።

ሩጫው ተጀመረ። እስከ አምስተኛው ዙር አብረው ሄዱ፤ በስድስተኛው ትታቸው ሄደች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በፕላስቲክ ኮንጎ ጫማዋ መሬቱን ሳታሳምም ነበር የምትሮጠው። ተከትላት የነበረችው የከተማዋ ልጅ ጎበዝ ናት፤ እሷም ብትሆን እየራቀች፣ እያነሰች ሄደች። በስምንተኛው ዙር እኔ ከአመዱ መስመር ኋላ ሁለት እርምጃ ያህል ተንበርክኬ ጠበቅሁ። ሁለት ተማሪዎች ከጓሳ ሣር የተገመደ ገመድ መስመሩ ላይ ወጥረዋል።

በካሜራው ውስጥ ስትመጣ አየኋት። እሷም ካሜራውን አየችው። መንገድ ላይ ሽማግሌ እንዳየ ሰው ሩጫዋን ቀነሰች። መስመሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሁለቱን ጫማዎቿን አመዱ ላይ እኩል አድርጋ አቆመች፤ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች፤ አራግፋ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ እጆቿን በጎንና በጎኗ አድርጋ ፊቷን አጠቆረች። ገመዱ ከደረቷ የአንድ ጣት ያህል ይርቃል። እንደዚያ ያማረ አቋም አይቼ አላውቅም።

ተጫንኩ። አልጫን አለ። ፊልሙን የሚያዞረውን ብረት ሳብኩት፤ አልሳብ አለ። ሠላሳ ሰባተኛ የሚባል ነገር የለም። ተመልካቹ «እለፊ! እለፊ!» ይላል፤ የስፖርት መምህሩ ከወዲያ ማዶ እየሮጠ የሆነ ነገር ይላል፣ ድምፅ ግን የለውም። እኔ ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ እየታገልኩ «ቆይ... ቆይ... ቆይ» እላለሁ። ለብረቱ ነው የምለው። ለወንድ «ቆይ»፣ ለሴት «ቆዪ» እንደሚባል በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምራለሁ። በጩኸት ውስጥ ግን ሁለቱ አይለያዩም። ልጅቷ ቆየች።

የከተማዋ ልጅ ደርሳ ገመዱን በደረቷ ይዛው ሄደች። ልክ ያን ጊዜ ካሜራው ውስጥ የሆነ ነገር ተተረተረ፤ ብረቱ ዞረ፤ ተጫንኩ። ቀጭ አለ። ልጅቷ ድምፁን ስትሰማ አንገቷን ጎንበስ አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝና መስመሩን ተራምዳ አለፈች። ሁለተኛ ወጣች።

እስከ ማታ ሳንቆይ፣ እዚያው በቀትር መምህራን ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ተቀመጥን። ርዕሰ መምህሩ፣ መሪጌታ፣ የስፖርት መምህሩና እኔ፤ እኔ የገባሁት በፎቶ ባለሙያነት ነው። ሁለቱ ልጆች በሩ ላይ ቆመዋል።

«እግሯ መስመሩ ላይ ነበር» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«የሚቆጠረው ደረት ነው» አለ የስፖርት መምህሩ።

መሪጌታ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አሰቡ። «ደርሳለች፤ አልገባችም» አሉ። «ቅጽሩ በር ላይ የቆመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ ይባላል። ቅዳሴ ገባ ግን አይባልም።»

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን አወጡና እንደገና አነበቡት። ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱን። መስመሩን ያለፈችው አልተነሳችም፤ ስለዚህ አላሸነፈችም። የተነሳችው መስመሩን አላለፈችም፤ ስለዚህ እሷም አላሸነፈችም። «እንግዲህ የሴቶቹን ውድድር ያሸነፈ የለም ማለት ነው» አሉና በራሳቸው መደምደሚያ ትንሽ ደነገጡ።

«ነገ ጠዋት ሁለቱ ይድገሙት፤ በቃ» አለ የስፖርት መምህሩ።

ከተባለው ነገር ሁሉ ልብ ያለው ይህ ነበር። መሪጌታም ራሳቸውን ነቀነቁ። የከተማዋ ልጅ እሺ አለች። ሯጯ ደግሞ ፊቷ በራ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስትስቅ አላየኋትም። ነገሩ ሊያልቅ ነው ስል ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ፎቶው አለ?»

«ፊልሙ አልቆ ነበር፤ የመጨረሻዋን ለራሴ ተነሳሁባት፤ ይድገሙት» ማለት ነበረብኝ። ሌላ ምንም አይፈለግም ነበር። ግን ዘበኛው መስኮቱ ሥር ቆሞ ይሰማል፤ የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን ለምን እንደተዋስኩት ያውቃል፤ ልጅቷም እያየችኝ ነው። አፈርኩ። ማፈሬ ደግሞ እንደ ኩራት ሆኖ ወጣ።

«አለ» አልኩ። «በሚገባ ወጥቷል።»

«ፎቶው ካለማ ከዚያ የበለጠ ምን ምስክር ይመጣል?» አሉ መሪጌታ። «ይጠበቅ።» ድጋሚው ቀረ።

ፊልሙ በእግረኛ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሄደ። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅን። ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች፤ ደርሳለች የሚሉና አልገባችም የሚሉ። ጠጅ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች መሬት ላይ አመድ አፍስሰው፣ አንዱ ቆሞ አንዱ እየሮጠ ነገሩን ሲሞክሩት አይቻለሁ። ልጅቷ በየጠዋቱ ከሰልፍ በኋላ ትመጣና «ጋሼ፣ መጣ?» ትለኛለች። «ይመጣል» እላታለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ጠዋት ጠዋት እውነቱን ልነግራት እነሳና እተወዋለሁ፤ አንድ ቀን በዘገየሁ ቁጥር የምናገረው ነገር እየከበደ ሄደ።

ፎቶው በመጣ ዕለት ኮሚቴው እንደገና ተቀመጠ። ርዕሰ መምህሩ አንድ በአንድ እያዩ ሄዱ፤ የራሳቸው ዓይን በሦስቱም ላይ ተከድኗል። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ። ፎቶውን ገለበጡት፤ መልሰው አቃኑት።

«ይኼ አንተ አይደለህም?» አሉኝ።

እኔ ነኝ። ብረቱ ቢዞርም ፊልሙ ሳይዞር በላዩ ላይ ሁለተኛ ስለተነሳበት ሁለት ፎቶ አንድ ላይ ወጥቷል። ፊሽካ የጎረሰ፣ ደረቱን የነፋ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ መምህር ሜዳ ሞልቶ ቆሟል። ሸሚዙ ላይ፣ ጉም ውስጥ እንዳለች ሆና፣ አንዲት ልጅ እጇን በጎንና በጎኗ አድርጋ ቀጥ ብላለች። የአመዱ መስመር ቀበቶዬ ላይ አርፏል። ከጆሮዬ አጠገብ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ክርን ይታያል።

«በሆድህ ውስጥ የቆመችው ማን ናት?» አሉ መሪጌታ።

ተናዘዝኩ። ፊልሙ ማለቁን፣ ማን እንደጨረሰው፣ ሁሉንም። ይድገሙት እንዳይባል የስም ዝርዝር ማስገቢያው ያ ቀን ነበር፤ የከተማዋ ልጅ ደግሞ እግሯ ተጎድቶ ተኝታለች። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ ካሰቡ በኋላ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ ከተው አሸጉት። «ማስረጃ ማስረጃ ነው፤ መስመሩ ላይ መነሳቷ ይታያል» አሉ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። «በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ተወዳዳሪ በሴቶች ምድብ ሊካተት የማይችል ከመሆኑም በላይ ዕድሜው ከተፈቀደው ያለፈ ነው» ይላል። ወደፊት ተመሳሳይ ስህተት እንዳይደገምም ያሳስባል። በወሩ ግምገማ ላይ ሂስ ቀረበብኝ፤ የቀረበብኝ ፊልም በማባከን ነው።

ቅዳሜ አባቷ መጡ። አህያዋ ላይ የልጅቷ ሳጥንና የሱፍ ብርድ ልብሷ፣ ባናዋ፣ ተጭኗል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሼ አስቆምኳቸው።

«አባቴ፣ ልጅዎ አሸንፋ ነበር» አልኳቸው። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ይተዉልኝ፤ ለቤት ኪራዩም ለሌላውም እኔ አለሁ።»

የካሜራውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እርስዎ እንኳ ስህተቴ ነው ብለዋል፤ ሰው ይሳሳታል» አሉ። «ለእኔ ያልገባኝ የልጅቷ ነው። የሚሮጥ ሰው ምን ያቆመዋል?» ወደ እሷ ዞሩ። «ማን ነው ቁሚ ያለሽ?»

መሬት መሬት አየች። እውነቱን ከተናገረች እኔን ማሳጣት ይሆንባታል፤ ያ ገብቶኛል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቆዪ ብያታለሁ።»

«እሳቸው ባይሉም እቆም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ተነሱ ተብለናል። ጊዜ ነበረኝ፤ እሷ ሩቅ ነበረች። ቅርብ ብትሆን አልቆምም ነበር።»

«የት ነበረች?» አሉ አባቷ።

በእጇ አሳየች። ሜዳው መታጠፊያ ላይ አንድ ብቻውን የቆመ ባሕር ዛፍ አለ። ሦስታችንም ዛፉን አየነው። አባቷ ከዛፉ እስከ መስመሩ፣ ከመስመሩ እስከ ዛፉ በዓይናቸው ሁለቴ ሄዱበት።

«ቃሌ ቃል ነው፤ ካላሸነፈች ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉ እንደ ቃሉ ይደር። እግዜር ይስጥልን መምህር።» አህያዋን ቸብ አደረጓት። ልጅቷ እጅ ነሳችኝና ተከተለቻቸው፤ የጓሳውን መንገድ ይዘው ሄዱ።

እነሱ ከዓይን ሲጠፉ ከአመዱ መስመር ተነስቼ እስከ ባሕር ዛፉ ተራመድኩ። መቶ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። ተመልሼም ደገምኩት፤ ያው ነው።

ሰኞ ጠዋት ገና ባንዲራው ሳይሰቀል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። «ልጅቷ መቶ አርባ ሁለት እርምጃ ቀድማ ነበር» አልኳቸው፤ «እኔው ራሴ ለክቼዋለሁ። ለበላይ አካል ይጻፍልኝ።» እስክሪብቷቸውን አነሱ፤ ወረቀት ሳቡ። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከልባቸው፣ ሊረዱኝ ፈልገው ጠየቁኝ።

«ፎቶ አለው?» አሉኝ።